ወደ ጣሊያን ለሚሄደው ልጃችን፦ ሻንጣው ሳይዘጋ ሊያውቀው የሚገባ ታሪክ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ጊዜ ወስዳችሁ እስከ መጨረሻው እንድታነቡት አደራ እንላለን።

በቅርቡ በመግሪብና በዒሻ መካከል አንድ የሰፈራችን ልጅ ከእናቱ ጋር ወደ መስጂዳችን መጣ። ኮልፌ ተወልዶ ያደገ፣ ቁርኣንን እዚሁ እኛ ዘንድ ያኸተመ ልጅ ነው። ጣሊያን አገር የትምህርት ዕድል አግኝቶ ቪዛው ወጥቶለታል። የመጣው ሸኻችን ዱዓ እንዲያደርጉለት ነበር። ሸኻችን እጃቸውን ከማንሳታቸው በፊት "ልጄ፣ ስለምትሄድበት አገር ምን ታውቃለህ?" አሉት። ልጁ አፈር ብሎ "ኳሱን፣ ፒዛውን፣ አድዋንም" አለ። ሁላችንም ሳቅን።

ከዚያ በኋላ የተነገሩት ሦስት ነገሮች ግን አላሳቁንም። ግድግዳ ተደግፈው የተቀመጡ አንድ አባት "ጣሊያን እኮ ለእስላም ደግ ነበር፤ መስጂድ ሠርቶልናል፣ ሐጅ ልኮናል ሲሉ አባቶቻችን ሰምቻለሁ" አሉ። ልጁ ደግሞ "ተማሪ ቤት እያለን ልጆች 'እናንተ ለጣሊያን ያደራችሁ' ይሉን ነበር፤ መልስ አልነበረኝም" አለ። እናቱ ሁለቱንም አዳምጣ ዝግ ባለ ድምፅ "እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ልጄ እዚያ አጀሉ ቢመጣ የት ይቀብሩታል?" አለች።

ሸኻችን ወደ እኛ ዞረው "ጻፉለት። እንዳያፍርም፣ እንዳይኮራም፣ እንዳይጠፋም አድርጋችሁ ጻፉለት" አሉን። ይኸው ጻፍን። ዓመቶቹ ዓ.ም ካላልን በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

🔹 መለኪያው ምንድን ነው?

ስለ አንድ አገር ለመንገደኛ የሚነገር የመጀመሪያው ነገር ምንድን ነው? አየሩ? ገንዘቡ? እኛ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለን ሰዎች ነን። በ615 አካባቢ የመካ ሙስሊሞች ሲሠቃዩ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ሐበሻ እንዲሰደዱ መከሯቸው። ስለ አገሩ የነገሯቸው እዚያ ያለው ንጉሥ ዘንድ ማንም እንደማይበደል ነው። ስለ ወርቁ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ምግቡ የነገሯቸው ነገር በሲራ ኪታቦች አላገኘንም። ንጉሡ በዚያን ጊዜ ሙስሊም አልነበረም። ቢሆንም ፍትሕ ነበረው፤ ለመሰደድም ያ በቂ ሆነ።

እንግዲህ ጣሊያንንም በዚህ ሚዛን እንየው። ሰው ይበደልበታል ወይስ አይበደልበትም? የጣሊያን መልስ እንደ ዘመኑ ይለያያል። አገሩን ማወቅ ማለት ይህን መለያየት ማወቅ ነው።

🔹 አገሩ በአጭሩ

ጣሊያን በሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ እንደ ቦቲ ጫማ ተዘርግታ የምትታይ አገር ናት። ስፋቷ 300 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከኢትዮጵያ ሩብ በጥቂቱ ይበልጣል። ሕዝቧ 59 ሚሊዮን አካባቢ ነው። በሥልጣኔ ጥንታዊት ብትሆንም እንደ አንድ መንግሥት የተዋሐደችው በ1861 ነው፤ ሮምም ዋና ከተማ የሆነችው ከዚያ አሥር ዓመት በኋላ ነው። በ1946 ሕዝቡ በድምፁ ንጉሡን አስወግዶ ሪፐብሊክ መሠረተ። በሮም ከተማ ውስጥ ቫቲካን የሚባል ራሱን የቻለ የካቶሊኮች መንግሥት አለ። መገበያያዋ ዩሮ ነው።

ይህን ያህል ይበቃል። ከዚህ በኋላ ያለው መጻሕፍት ገልጠን ካልፈለግነው የማናገኘው ነው።

🔹 ከሮም ደቡብ የነበረው አዛን

ብዙዎቻችን እስልምና በአውሮፓ ሲባል የሚታየን አንደሉስ ብቻ ነው። ሲሲሊ የምትባለው የጣሊያን ትልቋ ደሴት ግን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በሙስሊሞች እጅ ነበረች።

በ827 ከቱኒዚያ የተነሣ ጦር ማዛራ በምትባል የሲሲሊ ወደብ ወረደ። የጦሩ መሪ አሰድ ኢብኑል ፉራት ነበሩ። መድረሳ የተማረ ሰው ይህን ስም ያውቀዋል። ከኢማም ማሊክ የተማሩ፣ ከኢማም አቡ ሐኒፋ ደቀ መዛሙርትም የቀሰሙ፣ የቀይረዋን ቃዲ ነበሩ። በዓመቱ ሰራቁሳን ከበው ሳለ አረፉ፤ አላህ ይዘንላቸው። በ831 ፓሌርሞ ተያዘች። በ970ዎቹ ከተማዋን የጎበኘው ኢብኑ ሐውቀል ከሦስት መቶ በላይ መስጂዶች እንዳሉባት ጽፏል።

ኖርማኖች የሚባሉ ክርስቲያን ነገሥታት በ1061 እና በ1091 መካከል ደሴቷን ወሰዱ። የመጀመሪያዎቹ ነገሥታት ሙስሊሞችን አላባረሩም። አል-ኢድሪሲ የተባለው ታላቅ የጂኦግራፊ ሊቅ በ1154 የጨረሰውን የዓለም መግለጫ ኪታብ የጻፈው በንጉሥ ሮጀር 2ኛ ቤተ መንግሥት ተቀምጦ ነው። ከአንደሉስ ሐጅ አድርጎ ሲመለስ መርከቡ በ1184 መሲና አጠገብ የተሰበረበት ኢብኑ ጁበይርም፣ ወደ የብስ ለሚያወጧቸው ጀልባዎች የሚከፍሉት ላጡ ድሆች ሙስሊሞች ንጉሡ እንደከፈለላቸው መዝግቧል። ግን ኢብኑ ጁበይር አስተዋይ ተጓዥ ነበር። በዚያው ጉዞ ሃይማኖታቸውን ደብቀው የሚኖሩ ሙስሊሞችንም አይቶ አዝኗል።

ሐዘኑ ትክክል ነበር። በ1220ዎቹ ንጉሥ ፍሬድሪክ 2ኛ የሲሲሊን ሙስሊሞች እየነቀለ ሉቼራ ወደምትባል የደቡብ ጣሊያን ከተማ አጋዛቸው። እዚያም ከሰባ ዓመት በላይ እርሻ አረሱ፣ ግብር ከፈሉ፣ ለንጉሡ ጦር ወታደር ሆኑ። በ1300 ሌላ ንጉሥ መጣና ከተማዋን አፈረሳት። የተረፉት ለባርነት ተሸጡ፤ መስጂዱ ጠፍቶ ካቴድራል ተሠራ።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? በአንድ ሰው ደግነት ላይ የቆመ መብት ያ ሰው ሲሄድ አብሮት ይሄዳል። ይህን ልብ በሉት፣ እንመለስበታለን።

ልጃችን ፓሌርሞ ቢሄድ የድሮዋን ሰፈር "ካልሳ" ሲሏት ይሰማል፤ ከዓረብኛው "አል-ኻሊሳ" የመጣ ስም ነው። "ማርሳላ" የምትባለው ከተማ ስሟ የሚጀምረው "መርሳ" ማለትም ወደብ በሚለው ቃል ነው። ጣሊያኖች ዕቃ ማከማቻን "ማጋዚኖ" ይሉታል፤ ከዓረብኛው "መኽዘን" ወስደው ነው። እኛም መርካቶ ውስጥ "መጋዘን" እንላለን። የአንድ ሥር ቃል ነው።

🔹 ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው አደባባይ

ሮም የገባ ኢትዮጵያዊ ብዙ ጊዜ ቴርሚኒ በሚባለው ትልቁ ባቡር ጣቢያ ያልፋል። ከጣቢያው ሲወጣ የሚረግጠው ሰፊ አደባባይ "የአምስት መቶዎቹ አደባባይ" ይባላል። እነማን ናቸው አምስት መቶዎቹ? በጥር 1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሱት የጣሊያን ጦር ነው! ከጣቢያው ብዙም ሳይርቅ ለእነሱ መታሰቢያ የቆመ ሐውልት አለ። ልጃችን ስለ አገሩ የሚያስታውሰውን ነገር የሚያገኘው ገና ከጣቢያው ሳይርቅ ነው።

ወደ ዶጋሊ የወሰደው መንገድ የተጀመረው በገንዘብ ነው። በ1869 አንድ የጣሊያን የመርከብ ኩባንያ አሰብ ላይ ከአካባቢው የአፋር ሱልጣኖች መሬት ገዛ። በ1882 መንግሥት ከኩባንያው ተረከበው፤ በ1885 ምፅዋን ያዘ። ከዚያ ዶጋሊ፣ ከዚያ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም አድዋ መጣ። አድዋ ላይ የራስ ሚካኤል የወሎ ፈረሰኛ ነበር፤ ከወሎ የዘመተው ሰው ውስጥ ሙስሊሙ ብዙ ነበር። ይህ የሁላችንም ታሪክ ነው።

ፋሽስቱ ሙሶሊኒ ግን አድዋን አልረሳም። ጥቅምት 3 ቀን 1935 ጦሩ መረብን ተሻገረ። በ1925 በጄኔቫ ስምምነት የተከለከለውን የመርዝ ጋዝ ከአውሮፕላን አርከፈከፈ። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ይህን በይፋ ያመነው በ1996 ነው፤ ስድሳ ዓመት ፈጅቶበታል።

🔹 "ጣሊያን ለእስላም ደግ ነበር" የሚለው ነገር

አሁን ወደ አባታችን ንግግር እንምጣ። አባታችን አልዋሹም። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት መስጂዶችን ሠርቷል፣ ዓረብኛ በትምህርት ቤት እንዲሰጥ አድርጓል፣ የቃዲ ፍርድ ቤቶችን አጠናክሯል፣ ሐጃጆችን ረድቷል። የታላቁ አንዋር መስጂድ ግንባታም ከዚያ ዘመን ጋር የተያያዘ ነው። በፊት በነበረው ሥርዓት ሙስሊሙ በመሬትና በሹመት ተገፍቶ ስለኖረ ይህን እንደ እፎይታ ያየ ሰው መኖሩ አያስገርምም።

ግን ደግነት ነበር ወይ? ሦስት ቀኖችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ።

መጀመሪያ መስከረም 16 ቀን 1931። ሊቢያ፣ ሱሉቅ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው የቁርኣን መምህር ዑመር አል-ሙኽታር በብዙ ሺህ እስረኞች ፊት ተሰቀሉ። ሊቢያ ላይ ጦሩን የሚመራው ጄኔራል ግራዚያኒ ነበር።

ሁለተኛ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም፣ ማለትም የካቲት 19 ቀን 1937። አዲስ አበባ። ያው ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተወረወረ፤ ለሦስት ቀን ያህል ሕዝባችን በጥይት፣ በአካፋ፣ በእሳት ተጨፈጨፈ። የኢትዮጵያ መንግሥት ኋላ ባቀረበው ቁጥር 30 ሺህ ሰው አልቋል። ቤት ሲያቃጥሉ የማን ቤት እንደሆነ ሃይማኖት አልጠየቁም።

ሦስተኛ መጋቢት 1937፣ የአዲስ አበባው ጭፍጨፋ ወር እንዳለፈው። ትሪፖሊ። ሙሶሊኒ በፈረስ ተቀምጦ "የእስልምና ሰይፍ" የተባለ ሰይፍ ተቀበለ፤ ራሱንም የሙስሊሞች ጠባቂ ብሎ አወጀ። ሰይፉ የተሠራው እዚያው ጣሊያን፣ ፍሎረንስ ከተማ ነበር።

አስተውሉ። የዑመር አል-ሙኽታር አንገት ላይ ገመድ ያስገባ መንግሥት ስድስት ዓመት ሳይሞላው የእስልምና ሰይፍ ታጠቀ! በዚያው በ1937 ሚያዝያ ላይ የወጣው የዘር ሕግ ደግሞ ጣሊያናዊ ከቅኝ ተገዢ ጋር አብሮ እንዳይኖር በእስራት ቀጣ። ያ ሕግ ሙስሊሙን ከክርስቲያኑ አልለየም፤ ሁለቱም ከነጭ በታች ነበሩ። መርካቶም እንዲሁ ነው። ጣሊያኖች ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ወደ አሁኑ ቦታ ያዛወሩት ለነጮች የሚሆነውን ከተማ ከአገሬው ሰው ለመለየት ባወጡት ፕላን ነው። ዛሬ ብዙዎቻችን የምንበላበት ገበያ የተወለደው እኛን ከነጭ ለማራቅ ነው። አላህ ከክፉ ሐሳብ መልካም ያወጣል።

ስለዚህ ለአባታችን መልሳችን ይህ ነው። መስጂዱን እንሰግድበታለን፤ የአላህ ቤት ነውና። የሠራውን መንግሥት ግን አናመሰግነውም። አንዱን ወንድም ከሌላው ለመለየት የተሰጠ ስጦታ ደግነት አይባልም።

🔹 "ለጣሊያን ያደራችሁ" ለሚለው ስድብ

አሁን ደግሞ ለልጃችን ጥያቄ። መልሱ ክህደት መሆን የለበትም። ለጣሊያን ያደሩ ሙስሊሞች ነበሩ። ለጣሊያን ያደሩ ክርስቲያኖችም ነበሩ። ገና ጦርነቱ ሲጀመር ከትግራይ ወደ ጣሊያን የገቡት ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሳ የንጉሠ ነገሥቱ አማች ነበሩ። ባንዳነት ሃይማኖት የለውም። አርበኝነትም እንዲሁ። ኦጋዴን ጎራሄ ላይ ከግራዝማች አፈወርቅ ጋር ጣሊያንን የተዋጉት ዑመር ሰመተር ሙስሊም ነበሩ። ከዚያ በፊትም በ1925 በጣሊያን ሶማሊያ ውስጥ ሸፍተው ቅኝ ገዢውን አስጨንቀውታል።

አንድ ከባድ ነገር ግን አለ፤ ሰው ከሚነግረን እኛው እንናገረው። በግንቦት 1937 ግራዚያኒ የደብረ ሊባኖስን ገዳም መነኮሳት ሲያስጨፈጭፍ፣ ለዚያ ሥራ ሆን ተብለው የተመረጡት ከሌሎች ቅኝ ግዛቶች የመጡ ሙስሊም ወታደሮች ነበሩ። ግራዚያኒ ራሱ ለሮም ባስተላለፈው ቴሌግራም የመጀመሪያዎቹን ሟቾች 297 መነኮሳት ብሎ ቆጥሯቸዋል። ትክክለኛው ቁጥር ከዚያ እጅግ እንደሚበልጥ የታሪክ ተመራማሪዎች ይስማማሉ።

ለምን ሙስሊም ወታደር ተመረጠ? ደሙ በእኛ መካከል እንዲቀር ነው። ጣሊያን ይሄዳል፣ ቂሙ ግን ኮልፌ ውስጥ፣ ወሎ ውስጥ፣ ሸዋ ውስጥ ይቀራል። ልጃችንን ተማሪ ቤት የሰደቡት ልጆች ሳያውቁት የግራዚያኒን ሥራ እየጨረሱለት ነበር። እኛም ያንን ጭፍጨፋ አንስተን የማናዝን ከሆነ እየጨረስንለት ነው። ያለ ጥፋታቸው የተገደሉ መነኮሳትን በደል በደል ማለት ከዲናችን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች ነጃሺ ፊት ቀርበው የተናገሩት የሚጠቅማቸውን መርጠው ሳይሆን እውነቱን ነው። ጃዕፈር (ረ.ዐ) ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) ሲጠየቁ ንጉሡን ሊያስቆጣ ይችላል ብለው አልደበቁም።

🔹 የተመለሰውና ያልተመለሰው

ሮም ውስጥ ሰርከስ ማክሲመስ ከሚባለው የጥንት ሜዳ አጠገብ ፖርታ ካፔና የሚባል አደባባይ አለ። በ1937 የተወሰደው የአክሱም ሐውልት ለስድሳ ስድስት ዓመት ያህል የቆመው እዚያ ነው። በ1947 የሰላም ውል ጣሊያን የዘረፈችውን ለመመለስ ፈርማ ነበር፤ ሐውልቱ የተመለሰው ግን በ2005 ነው። እንዲህም ሆኖ በ2012 አፊሌ የምትባል ትንሽ ከተማ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ሠራች። አጥብቀው ከተቃወሙት መካከል ጣሊያኖች ራሳቸው ነበሩ። የመርዝ ጋዙን ጉዳይ ለዓመታት ሲሰደብ ኖሮ ያጋለጠውም አንጄሎ ዴል ቦካ የሚባል ጣሊያናዊ የታሪክ ጸሐፊ ነው። ልጃችን የሚያገኘው ሕዝብ አንድ ዓይነት አይደለም። ሰውን በመንግሥቱ፣ የልጅ ልጅን በአያቱ አይመዝን።

🔹 ዛሬስ ሙስሊም ይበደልበታል?

አሁን ያለው ሕገ መንግሥት የጸናው በ1948 ነው። አንቀጽ 8 ሃይማኖቶች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነፃ ናቸው ይላል። አንቀጽ 19 ማንም እምነቱን በግልም በጋራም ማራመድ እንደሚችል ይደነግጋል። ይህ በአንድ ንጉሥ ደግነት ላይ ሳይሆን በሕግ ላይ የቆመ መብት ነው። የሉቼራ ሙስሊሞች ያልነበራቸው ይህ ነው።

ክፍተቱን ግን እንወቅ። ከካቶሊክ ውጭ ያሉ ሃይማኖቶች ከመንግሥት ጋር "ኢንቴሳ" የሚባል ስምምነት ይፈርማሉ፤ በዚያም ጋብቻ፣ በዓል፣ መቃብርና የመሳሰለው ይስተካከላል። አይሁዶችና ቡድሂስቶች ፈርመዋል። ከሁለት ሚሊዮን በላይ እንደሆነ የሚገመተው ሙስሊም ግን እስከ ዛሬ አልፈረመም። አንዱ ምክንያት እሱን ወክሎ የሚፈርም አንድ አካል ላይ አለመስማማቱ ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ወሬ አይደለም! አንድነት የሌለው ጀመዓ መብቱ በወረቀት ላይ እያለ በእጁ አይገባም።

በዚህ ምክንያት በብዙ ከተሞች ሶላት የሚሰገደው ጋራዥ ውስጥ፣ ምድር ቤት ውስጥ ነው። የሮም ታላቁ መስጂድ ግን ከአውሮፓ ትልልቆቹ አንዱ ነው። ከተማው መሬቱን የሰጠው በ1974 ነው፤ የሳዑዲው ንጉሥ ፈይሰል በገንዘብ ደግፈው በ1995 ተመረቀ። ንድፉን ከሠሩት አንዱ ጣሊያናዊው ፓኦሎ ፖርቶጌሲ ነው። ልጃችን ሮም ካለፈ ጁምዓን እዚያ ይስገድ።

🔹 የእናት ጥያቄ

እናታችን፣ ጥያቄሽን አልረሳነውም። እኛ ኮልፌ ሰዎች ሰፊው የሙስሊም መቃብር ደጃችን ነው። ጀናዛ ሲመጣ የማናውቀውን ሰው እንኳ ተሸክመን እንሸኛለን። ጣሊያን ውስጥ ግን የሙስሊም መቃብር ቦታ ያላቸው ከተሞች ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ አብዛኛው ሰው አስከሬኑ ወደ አገሩ ይላካል። በ2020 በኮሮና በረራ ሲቋረጥ በርካታ ሙስሊም ቤተሰቦች ለሟቾቻቸው ቦታ እስኪያገኙ ተቸግረው ነበር። መፍትሔው ምንድን ነው? ልጃችን እንደደረሰ የከተማውን የሙስሊሞች ማኅበርና የኢትዮጵያውያንን እድር ይፈልግ፣ ይመዝገብ። የቤተሰቡን ስልክ ለኢማሙ ይስጥ። ወሲያውን ጽፎ ይሂድ። ዕድሜውን አላህ ያርዝመው። ወሲያ መጻፍ ሞትን አያመጣም፤ ሱና ነው።

🔹 ሻንጣ ውስጥ የሚገቡ ጥቃቅን ነገሮች

▪️ ቂብላ፦ አዲስ አበባ ላይ ፊታችንን ወደ ሰሜን እናዞራለን። ሮም ላይ ግን ቂብላ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው። በልማድ ወደ ሰሜን አትቁም።

▪️ ሰዓት፦ በክረምታቸው ከእኛ በሁለት ሰዓት፣ በበጋቸው በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው። ሰዓታቸውን የሚቆጥሩትም ከእኩለ ሌሊት ጀምረው ነው። በሰኔ ቀኑ ከ15 ሰዓት በላይ ይረዝማል፣ በታኅሣሥ ወደ 9 ሰዓት ያጥራል። እኛ ዓመቱን ሙሉ ብዙም በማይለዋወጥ ሰዓት መስገድ ስለለመድን የሶላት መርሐ ግብር ስልክህ ላይ ይኑር።

▪️ ወረቀት፦ ለረጅም ጊዜ የሚሄድ ሰው ከገባ በኋላ ባሉት 8 የሥራ ቀናት ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት አለበት። ስሙ "ፔርሜሶ ዲ ሶጆርኖ" ይባላል። ለአጭር ጉብኝት የሚሄድ በሼንገን ቪዛ በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ መቆየት አይችልም። ቀኑን የጠበቀ ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ ይሄዳል።

▪️ ምግብ፦ "ማያሌ" ማለት አሳማ ነው። "ስትሩቶ" የአሳማ ስብ ነው፤ አንዳንድ ዳቦና ቂጣ ውስጥ ይገባል። ወጥ ውስጥ ወይን ጠጅ ሊጨምሩ ይችላሉ፣ ጠይቅ። ሞሮኮዎችና ባንግላዴሾች የሚያስተዳድሯቸው ሐላል ሥጋ ቤቶች በትልልቅ ከተሞች አሉ።

▪️ ባቡር፦ የወረቀት ትኬት ከሆነ ከመሳፈርህ በፊት ጣቢያው ላይ ባለው ማሽን ምታው። ትኬት ይዘህ ሳትመታው ብትገኝ ትቀጣለህ።

▪️ ለአደጋ፦ 112 ደውል።

▪️ ሒጃብ፦ አይከለከልም። በ1975 የወጣ የጸጥታ ሕግ ግን ያለ በቂ ምክንያት ፊትን ሸፍኖ በአደባባይ መሄድን ይከለክላል። እህቶች ይህን ይወቁ።

▪️ ቋንቋ፦ ከምታስበው በላይ ታውቃለህ። ጎማ፣ ካንዴላ፣ ቡሎን፣ ላሜራ፣ ሲሚንቶ፣ ጓንቲ፣ ቦርሳ፣ ፋብሪካ፣ መርካቶ፣ ፒያሳ፤ ሁሉም ጣሊያንኛ ናቸው። ጋራዥ የሚሠራ የኮልፌ ልጅ ጣሊያን ቢሄድ መኪና ለመፍታት አስተርጓሚ ብዙም አያስፈልገውም።

🔹 ስለ ባሕሩ አንድ ቃል

ይህን የሚያነቡ ሁሉ ቪዛ የያዙ አይደሉም። በሊቢያ በኩል ለመሻገር የሚያስቡ አሉ። ጥቅምት 3 ቀን 2013 ላምፔዱዛ ከምትባለው የጣሊያን ደሴት አጠገብ አንዲት ጀልባ ሰጠመች፤ 368 ሰው አለቀ፣ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ወንድሞቻችን ነበሩ። ጥቅምት 3 ጣሊያን በ1935 እኛን የወረረችበት ቀንም ነው። ያኔ እነሱ ሳንጠራቸው መጡ፤ ዛሬ የእኛ ልጆች ወደ እነሱ ለመድረስ ይሞታሉ። ነፍስን ወደ ጥፋት መጣል በዲናችን ክልክል ነው። ደላላው የሚነግርህን ሳይሆን ደርሶ የተመለሰውን ጠይቅ። ወላጆችም ልጅ ለመላክ ቤት ከመሸጣችሁ በፊት እባካችሁ ኢማማችሁን፣ ሽማግሌዎቻችሁን አማክሩ።

🔹 መቋጫ

ይህን ጽሑፍ ለልጁ አንብበንለት ስንጨርስ ሸኻችን "አሁን ስለ አገሩ ምን ታውቃለህ?" ብለው ደገሙለት። ልጁ ትንሽ አሰበና "በድሎናል። ዛሬ ሕግ አለው። ሕጉን ካላወቅኩት ግን አይጠቅመኝም" አለ። ሸኻችን "ማሻአላህ" ብለው እጃቸውን አነሡ፤ እኛም አሚን አልን። እናቱ አለቀሰች።

ከመውጣቱ በፊት ያ አባት ጠሩት። "ልጄ፣ አንዋር መስጂድ ሄደህ ሁለት ረከዓ ስገድ። ከዚያ ስድስት ኪሎ ሄደህ የየካቲት 12ን ሐውልት እየው። ሁለቱንም ሳታይ አትሂድ" አሉት። እኛ ልንጨምርበት የምንችለው የለም።

አላህ መንገደኞቻችንን በሰላም ያድርስ፣ በሰላም ይመልስ። ባሕር ላይ ለቀሩት ይዘንላቸው። በመካከላችን ፍቅርን ያጽና።

ወላሁ አዕለም።

ለሚጓዝ ወንድምና እህት እንዲደርስ ሼር አድርጉት።